ባለ ሳይድካር ሞተር ብስክሌትና ካርቡራተሩ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ

የአየር ግፊትና እፍግታ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ዘወትር የምናስተምራቸው ርእሶች ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙው ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ትምህርቱን ከኑሮው ጋር ሳያገናኝ ይቀራል። በጋራዥ የሚሠራው መካኒክ ደግሞ ቀመሩን ሳያይ ውጤቱን በጆሮውና በዓይኑ ለይቶ ያውቃል። ሁለቱን ዕውቀቶች ለማቀራረብ ይረዳ ዘንድ አንድ ምሳሌ እናቀርባለን። ነገሩ ለሞተሩ ባለቤትም ቀላል አይደለም፤ ለደጋ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር እንዳለ ወደ ጅቡቲ ከተማ ቢወርድ ሞተሩን ከልክ በላይ አሙቆ ፒስተኑን ሊጎዳ ይችላል።

ለምሳሌነት የመረጥነው አሮጌውን ኤም-72 ሞተር ብስክሌት ነው። ይህ ሞተር የጀርመኑን ቢ.ኤም.ደብልዩ አር 71 መሠረት በማድረግ በሶቪየት ኅብረት ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ ነው። ኡራልና ድኔፕር የሚባሉት ባለ ሳይድካር ሞተሮችም የእርሱ ዘሮች ናቸው። ሁለት ሲሊንደሮች በግራና በቀኝ ተዘርግተውለታል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ካርቡራተር አለው።

ሀ/ ካርቡራተር ምን ይሠራል?

ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲሳብ አየር በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ በፍጥነት ያልፋል። አየር በፈጠነበት ቦታ ግፊቱ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ በትንሿ የናስ ቀዳዳ በኩል ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ተበትኖ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ቁም ነገር አለ፤ ቃጠሎው የሚፈልገው አየርን በኪሎ ግራም ነው፤ ሞተሩ ግን አየርን የሚስበው በሊትር ነው።

ለ/ የሁለቱ ከተሞች አየር

የአየር እፍግታ የሚገኘው ግፊቱን በ287 እና በኬልቪን በተለካው መጠነ ሙቀት ብዜት በማካፈል ነው። ጅቡቲ ከተማ በባሕር ጠርዝ ላይ ስለሆነች ግፊቷ 101,300 ፓስካል ገደማ ነው። በበጋዋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የ1 ሜትር ኩብ ደረቅ አየር ክብደት 1.13 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን በምታልፈው አዲስ አበባ ግን ግፊቱ 77,000 ፓስካል ገደማ ነው፤ በ16 ዲግሪ የ1 ሜትር ኩብ አየር ክብደት 0.93 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

ስለዚህ 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ለማቃጠል በጅቡቲ 13 ሜትር ኩብ፣ በአዲስ አበባ ግን ወደ 16 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል ማለት ነው። የጅቡቲ ሙቀት አየሩን ቢያሳሳውም የከፍታውን ልዩነት አያካክሰውም።

ካርቡራተሩ ልዩነቱን በራሱ አያስተካክልምን? በከፊል ብቻ ያስተካክላል። የሚሳበው ቤንዚን የሚለዋወጠው በአየሩ እፍግታ ልክ ሳይሆን በእፍግታው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ሞተሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው አየር በ21 ከመቶ ገደማ ሲጨምር ቤንዚኑ የሚጨምረው በ10 ከመቶ ብቻ ነው። ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩም ይግላል። ከጅቡቲ ወደ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ጉልበቱ ይደክማል።

ሐ/ አስተካካዩ የሚከተለው ቅደም ተከተል

1. ከካርቡራተሩ በፊት የአየር ማጣሪያው፣ ካንዴላዎቹና የቫልቮች ክፍተት ይታያሉ። የእነዚህን ጉድለት በካርቡራተር ማረም አይቻልም።

2. ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በግራ ሲሊንደር ብቻ እንዲሠራ ይደረጋል። የቀኙ ካንዴላ ገመድ ሲነቀል ጫፉ ከሞተሩ ብረት ጋር መያያዝ አለበት። ከዚያም የግራው ዝቅተኛ ዙር በብሎኑ ይስተካከላል። የቀኙም በተራው እንዲሁ ይደረግና የሁለቱ ድምፅ እኩል እስኪሆን ይመዛዘናል። ባለ ሳይድካር ሞተር በሦስት እግሩ ስለሚቆም ለዚህ ሥራ ይመቻል።

3. የድብልቁ ብሎን ዙሩ ከፍ እስኪል ድረስ በዝግታ ይዞራል። በአንዳንዱ ካርቡራተር ብሎኑ አየርን፣ በሌላው ቤንዚንን ስለሚቆጣጠር አቅጣጫውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

4. የነዳጅ መስጫው እጀታ ሲዞር ሁለቱ ገመዶች እኩል መሳብ አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ከሳበ አንዱ ሲሊንደር የሌላውን ሸክም ይሸከማል።

5. በመጨረሻ በሳይድካሩ ሰው ወይም ጭነት ተደርጎ መንገድ ላይ ይሞከራል። ሳይድካር የሞተሩን ሸክም ስለሚያበዛ ባዶውን መሞከር አይበቃም። ከጉዞው በኋላ የካንዴላው ጫፍ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው፤ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ ቤንዚን አንሷል። የነጣ እንደሆነ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያላት የናስ ብሎን ትገባለች።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ከቤት ውጭ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። የቤንዚን ትነትም በትንሽ እሳት ይቀጣጠላል፤ በጅቡቲ ሙቀት ደግሞ ትነቱ ይብሳል።

መ/ ለክፍል ሥራ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ያቋረጠው ይህንኑ የአየር ልዩነት ነበር። በመካከሉ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ድሬዳዋ ትገኛለች። ግፊቷን 88,000 ፓስካል፣ ሙቀቷን 30 ዲግሪ አድርገው ተማሪዎች የአየሯን እፍግታ ያስሉ፤ ለጅቡቲ የተስተካከለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበት ወይም ያንሰው እንደሆነም ከነምክንያቱ ይጻፉ። መምህሩም ቢቻለው በአካባቢው የሚገኝ መካኒክ ወደ ክፍሉ ይጋብዝ። ተማሪው በስሌት ያገኘውን መልስ መካኒኩ በካንዴላው ቀለም ሲያሳየው ትምህርቱ ከደብተር አልፎ በእጁ ይገባል ብለን እናምናለን።