ስለ አበረታች መድኃኒትና ስለ ሯጮቻችን





እኔ በወረታ ከተማ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ማለዳ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ብቅ ያለ ሰው፣ ከፎገራ ሜዳ እየተነሡ የሚሮጡ ወጣቶችን ያያል። ከእነርሱም አንዱ የወንድሜ ልጅ ነው። የአባቱን የሩዝ እርሻ ትቶ ተስፋውን በእግሩ ላይ ስለ ጣለ፣ የምጽፈው ነገር ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አበረታች ቅመም ነውር መሆኑን የሚክድ የለም። ለገበያ ሲነዳ ጨው ልሶ ውሃ የጠጣ በሬ ሆዱ ቢነፋ ገዥው ይታለላል እንጂ በሬው ሰባ አይባልም። ኤሪትሮፖይቲን የተባለውም መርፌ ቀይ የደም ሕዋሳትን በማብዛት፣ ከፍ ባለ አገር ያደገ ልጅ በተፈጥሮ የሚያገኘውን ብርታት በማታለል ያመጣል፤ ደምንም ስለሚያወፍር ለልብና ለአንጎል አደጋ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል 4ኛ የወጣችው ዘርፌ ወንድማገኝ ይኸው ቅመምና ቴስቶስቴሮን ተገኝቶባት 5 ዓመት ታግዳለች። በዚህ ፍርድ አላማርርም።

አሳቤ ሌላ ነው። በሕጉ መሠረት በሯጩ ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው ራሱ ሯጩ ነው። የክልከላው ዝርዝር ደግሞ በየዓመቱ ይታደሳል። ሜልዶኒየም የተባለው መድኃኒት የተከለከለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ነው። ለስዊድን ትሮጥ የነበረችው አበባ አረጋዊ በዚያው ወር በሰጠችው ናሙና ታግዳ፣ መድኃኒቱ ከሰውነት ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ በውል ስላልታወቀ በጁላይ እገዳው ተነሣላት። በአገራችን ግን በዚሁ መድኃኒት ምክንያት አንድ ወጣት ሯጭ በ2017 በፍርድ ቤት 3 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የሁለቱ ጉዳይ አንድ ነው አልልም፤ ነገር ግን የስቶክሆልም ሯጭ የሚያማክረው ሐኪምና ጠበቃ በቅርቡ ያገኛል። የፎገራ ልጅስ ማንን ይጠይቅ?

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ሳል ይዞት ወደ አንድ መድኃኒት መደብር ቢሄድ፣ ሻጩ ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቀው ስም የሌለው ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። ኢፌድሪን ያለበት ቢሆንና በውድድር ቀን በሽንቱ ከተወሰነው መጠን በላይ ቢገኝ፣ የዓመታት ድካሙ በአንድ ኪኒን በጠፋ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የተከለከሉት መድኃኒቶች ዝርዝር በአማርኛ በየጤና ጣቢያውና በየመድኃኒት መደብሩ ግድግዳ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ የታመመ ስፖርተኛ ለሕክምናው ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅበት መንገድ በየወረዳው ይገለጽ። ሦስተኛ፣ ሯጩ ሲያዝ የሸጠለት፣ የወጋውና የመከረው ሰው ይመርመር፤ ዓለም አቀፉ ሕግ ራሱ ሰጪውን እስከ ዕድሜ ልክ እገዳ ይቀጣልና።

በ2016 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን አገራችንን ብርቱ ክትትል ከሚያስፈልጋቸው 5 አገሮች ጋራ ቈጥሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅመሞቹን የሚከላከል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ሲደክም እናያለን። በየወረዳው የምንገኝ የመንግሥት ሠራተኞችም፣ የዚህ ጉዳይ ደብዳቤ በጠረጴዛችን ሲያልፍ ከመዝገብ ቤት ሳናሳድር ወደ ልጆቹ እናድርሰው። ሯጩን ከመቅጣት በፊት ማስጠንቀቅ ይቀድማል።


አንድ አንባቢ
ከወረታ