«አርቴፊሻል ነው» ተብሎ የሚጣለው ጌጥ፤ የእናቶቻችን ሣጥን ዋጋው እንዴት ይታወቃል?

በሠፈራችን በአብነት የእናት አርባ ወጥቶ፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ከተሸኘ በኋላ ለልጆች የሚቀር አንድ ከባድ ሥራ አለ፤ የጌጥ ሣጥኗን መክፈት። ወርቁ በአንድ በኩል፣ ብሩ በሌላ በኩል ይደረደራል። ከሣጥኑ ሥር የሚቀረው የደረት ጌጥ፣ በክሊፕ የሚያዝ የጆሮ ጌጥ፣ ባለ ብዙ ረድፍ ሉልና ባለቀለም ፈርጥ ግን «እሱ እንኳ አርቴፊሻል ነው» ይባልና ለልጆች መጫወቻ ይሰጣል፤ ያም ካልሆነ ለቆራሌው ይወጣል።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ሠፈርተኛው ዛሬም «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራኝ። ደም ግፊት ለማስለካት የሚመጣው ሰው ሁሉ ዛሬ ዛሬ ቀለበትና መስቀልም ይዞልኝ ይመጣል፤ መርካቶ ቅርባችን ስለሆነ ለዓመታት ከአንጥረኞች ደጃፍ እየቆምሁ ስጠይቅ፣ አሮጌ ጌጥም ስሰበስብ ስለሚያውቁኝ ነው። ካየሁት ሁሉ ለወላጆችና ለአያቶች የሚጠቅመው አንድ ነገር ይህ ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጌጥ ሦስት ዓይነት ነው፣ ሦስቱም በአንድ ሚዛን አይለኩም።

ወርቁና ብሩ

የወርቁ ነገር ቀላል ነው። በካራትና በግራም ይታወቃል። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ሲሆን፣ 21 ካራት ከ1000 እጅ 875ቱ፣ 18 ካራት ደግሞ 750ው ወርቅ ነው። በጌጡ ላይ 750 ወይም 875 የሚል ጥቃቅን ቁጥር ካዩ ትርጉሙ ይኸው ነው። ቁጥር ስላለ ብቻ ግን አይመኑ፤ ሁለት ወርቅ ቤት አስመርምረው መልሱ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ብሩ ትንሽ ይጠልቃል። የአያቶቻችን ድሪ፣ አልቦ፣ አምባርና የአንገት መስቀል ብዙው የተሠራው ጠገራ ብር እየቀለጠ ነው። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ገንዘብ ነው። አንዱ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። እንግዲህ አያትዎ «ይህ አምባር በአራት ጠገራ ብር ተሠራ» ብለው ነግረውዎት ከሆነ ክብደቱ 112 ግራም ገደማ፣ ንጹሕ ብሩም 93 ግራም ገደማ ሊሆን ይገባል ማለት ነው። አንጥረኛው ሲያቀልጠውና ሲሞርደው የሚጎድለው ትንሽ ነው።

በጠገራው ላይ 1780 የሚል ቁጥር አይተው «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» ብለው የሚመጡ አሉ። ቁጥሩ ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነው። ገንዘቡ ግን ከዚያ በኋላም ያው ቁጥር ሳይለወጥ በቪየና፣ ኋላም በሮምና በለንደን ጭምር ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ቁጥሩ የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም።

የብር ጌጥ ላይ የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት በግራም ብቻ መሸጡ ነው። አንድ ደላላ ቤት ለቤት እየዞረ «አሮጌ ብር እንገዛለን» ሲል፣ የሚከፍለው ለብረቱ እንጂ ለእጅ ሥራው አይደለም። በጥቃቅን የብር ሽቦ የተጠላለፈ አሮጌ መስቀልና ከፋብሪካ የወጣ ሰንሰለት በሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ ለሚያውቅ ገዢ ግን አይገናኙም። የአሮጌ መስቀልን ልዩ ልዩ አሠራር ማየት የሚፈልግ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወዳለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ልጆቹን ይዞ ይሂድ።

አርቴፊሻል ሲባል ከንቱ ማለት አይደለም

ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም ከወርቅም ከብርም ያልሆነው ጌጥ፣ በግራም ቢመዝኑት ምንም አያወጣም። የእሱን ዋጋ የሚወስኑት ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው፣ ምን ያህል ሳይጎዳ ቆየ የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው። በፈረንጅ አገር ከ1920ዎቹ ጀምሮ እንደ ኮኮ ሻኔል ያሉ ታዋቂ የልብስ ዲዛይነሮች ሰው ሠራሽ ሉልን በኩራት የሚታሰር ጌጥ አድርገውታል። ከኢጣሊያ ናፖሊ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ጉስታቮ ትሪፋሪ የመሠረተው «ትሪፋሪ» የተባለ ድርጅትም በዚህ ሥራ ስሙ ገነነ። እ.ኤ.አ. በ1953 የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባለቤት ለበዓለ ሲመቱ ግብዣ ያደረጉት ጌጥ የትሪፋሪ ሥራ ነበር፤ አልማዝ አልነበረም።

እንዲህ ያሉ ጌጦች ወደ እኛም ቤት ገብተዋል። በንጉሡ ዘመን ከውጭ ሰዎች ጋር የሠሩ፣ ለትምህርት ባሕር ማዶ የተላኩ፣ ኋላም ዘመድ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የላከላቸው እናቶች ሣጥን ውስጥ አይጠፉም።

እዚሁ አብነት የማውቀውን ልንገራችሁ። እናትየዋ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ለውጭ አገር ሴቶች ይሰፉ ነበር። ሲያርፉ ወርቁ ለታላቅ ወንድ ልጃቸው፣ ብሩ ለመካከለኛዋ ሴት ልጅ ተሰጠ። እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው ታናሽቱ «አርቴፊሻሉን» በብስኩት ቆርቆሮ ተቀበለች። «ሲስተር፣ የእኔ ድካም ይህን ያህል ነው ማለት ነው?» ብላ ቆርቆሮውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ለቅሶዋ ስለ ንብረት አልነበረም፤ የተናቀች መስሏት ነበር።

ዕቃውን አንድ በአንድ እየገለበጥሁ በአጉሊ መነፅር አየሁት። ብዙው ስም የሌለው ተራ ጌጥ ነበር። አንድ በቅጠል ቅርጽ የተሠራ ወርቅማ የደረት ጌጥ ግን ጀርባው ላይ «ትሪፋሪ» የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ ከ«ቲ» ፊደሏ አናት ላይ ትንሽ ዘውድ፣ በአጠገቡም በክብ ውስጥ ያለች «ሲ» ፊደል። ይህች «ሲ» የቅጂ መብት ምልክት ናት። እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ጌጥ እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ የቅጂ መብት ሊኖረው እንደሚችል ከወሰነ ወዲህ ነው በትሪፋሪ ጌጦች ላይ የተለመደችው። ስለዚህ ጌጡ ከዚያ ወዲህ የተሠራ መሆኑን ራሱ ጌጡ ነገረን።

ዋጋው ስንት ሆነ? አሜሪካ ያለች የእኅታቸው ልጅ የተሸጡ ተመሳሳይ ጌጦችን አይታ ነገረችን። ከወንድምየው ወርቅ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ትሪፋሪ በብዛት ስላመረተ የተለመዱት ሥራዎቹ መጠነኛ ዋጋ ነው የሚያወጡት። ነገር ግን ዋጋውን ማወቁ ሌላ በር ከፈተ። ሦስቱም «እንግዲያስ ሁሉም ይመዘን» ተባባሉ። ወርቁም ብሩም ተመዝኖ፣ በወረቀት ሠፍሮ እንደገና እኩል ተከፈለ። ታናሽቱ የደረት ጌጡን በድርሻዋ ውስጥ አስቆጥራ አስቀረችው፤ እናቷ ያንኑ ጌጥ ደረታቸው ላይ አድርገው ፎቶ ቤት የተነሡት ሥዕል በእጇ ነበረና።

ጀርባውን ያንብቡ

ቤትዎ ያለውን ለመመርመር ጥሩ ብርሃን፣ አጉሊ መነፅርና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። እኛ ነርሶች በሽተኛውን ከመንካታችን በፊት እንደምንጠይቀውና እንደምናየው ሁሉ፣ ጌጡንም በቅደም ተከተል ይዩት።

መጀመሪያ ጀርባውንና መቆለፊያውን ይመልከቱ። የሠሪ ስም የሚጻፈው እዚያ ነው። «ስተርሊንግ» የሚል ወይም 925 የሚል ቁጥር ካለ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር መሆኑን ይገልጻል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንዳንድ ብረቶች ለጦር መሣሪያ ሥራ ስለተከለከሉ፣ የአሜሪካ ጌጥ ሠሪዎች ብርን በወርቅ ለብጠው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ «አርቴፊሻል» የተባለው ከሥሩ ብር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ጉዳቱን ይዩ። የወደቀ ፈርጥ፣ የተበየደ መርፌ፣ ከጠርዙ ተልጦ ነሐሱ የሚታይ ቅብ ካለ ዋጋው ይወርዳል። ማግኔትም ያስጠጉት፤ ከሳበው ወርቅ ወይም ብር አይደለም። ካልሳበው ግን ወርቅ ነው ማለት አይደለም፤ መዳብና ነሐስም አይሳቡም።

ሉል ከሆነ ሁለቱን ፍሬ ቀስ ብለው ያፋትጉ። የእውነተኛው ሉል ገጽ ደቃቅ አሸዋ እንዳለበት ሸከር ይላል፤ ሰው ሠራሹ ይንሸራተታል። ሰው ሠራሽ ሆኖ ቢገኝም አይናቁት። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባለቤት የነበሩት ዣክሊን ባለ ሦስት ረድፍ ሰው ሠራሽ ሉል፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ኒውዮርክ ውስጥ ለጨረታ ሲቀርብ ከ500 እስከ 700 ዶላር ነበር የተገመተው። የተሸጠው በ211,500 ዶላር ነው። ያን ዋጋ ያመጣው የማን አንገት ላይ እንደነበረ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ነው። እኛም ቤት በመጠኑ እንዲሁ ነው፤ ከጌጡ ጋር ፎቶው ካለ አይለያዩ።

አይዘፍዝፉት፣ ለሕፃንም አይስጡት

ንጽሕና የምወድ ሰው ብሆንም ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ አሮጌ ጌጥ በውኃ አይዘፈዘፍም፣ በአልኮል አይጠረግም። የብርጭቆ ፈርጥ የሚያብረቀርቀው ከጀርባው በተለጠፈ ስስ ንጣፍ ነው። ውኃ ከገባበት ይጠቁራል፤ ወደ ነበረበትም አይመለስም። አልኮል ደግሞ ሙጫውንና ቅቡን ይጎዳል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅና የሕፃን የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። አሮጌ ብርንም በአመድና በአሸዋ ፈትጎ ማንጣት ቅርጹን ይበላዋል።

የጤናው ነገርም አለ። በእንዲህ ያለ ጌጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኒኬል ይገኛል። ጆሮዋ የሚያሳክካት፣ የሚቀላና ውኃ የሚቋጥር ልጅ ካለች ጌጡን ያውልቁላት፤ ቁስሉ ካልዳነ ጤና ጣቢያ ትታይ። ከሁሉ በላይ ግን «አርቴፊሻል ነው» ብለው ለሕፃን መጫወቻ አይስጡ። ጥቃቅን ፈርጥና ዶቃ ትንፋሽ ይዘጋል። አንዳንድ አሮጌና ርካሽ ብረት ደግሞ ሊድ አለበት፤ ሲጠቡት ወይም ሲውጡት የሕፃኑን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው።

ለመሸጥ ካሰቡ

የጌጡን ፊትና ጀርባ፣ ምልክቱንም ጭምር በስልክ አጥርተው ያንሡ። ውጭ አገር ልጅ ወይም ዘመድ ካለዎት ይላኩለትና ተመሳሳዩ ስንት እንደተሸጠ ያጣራልዎ። ልብ ይበሉ፤ ስንት እንደተጠየቀበትና ስንት እንደተሸጠ የተለያዩ ናቸው፤ መጠየቅማ ማንም ይጠይቃል። ነጋዴ የሚገዛበትም ከሚሸጥበት ማነሱ ያለ ነው፤ እሱም ማትረፍ አለበት። ግማሹ እንኳ የማይደርስ ዋጋ ሲሰጥዎ ግን ሌላ ጋ ይጠይቁ። መጀመሪያ ለመጣ ገዢ በዚያው ቀን አይሽጡ።

አሮጌ መስቀልን፣ ጠልሰምንና የመሳሰሉትን በሻንጣ ይዞ ከአገር መውጣት ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ለልጅዎ ሊልኩ ካሰቡ አስቀድመው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ፤ ኤርፖርት ላይ ከመንገላታት ይድናሉ።

እናትዎ ወይም አያትዎ በሕይወት ካሉ ግን ከአንጥረኛውም ከነጋዴውም በፊት የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ቡና በሚፈላበት አንድ ቀን ሣጥኑን ራሳቸው ይክፈቱት። ይህን ማን ሰጠዎት? መቼ? የትኛው ሠርግ ላይ አደረጉት? ለማን እንዲደርስ ይፈልጋሉ? መልሱን የልጅ ልጅ በደብተር ይጻፍ፤ እያንዳንዱም ጌጥ ስሙ ተጽፎበት በየፖስታው ይግባ። ግራሙን ሚዛን ሁልጊዜ ይነግረናል፤ ይህን ግን ከእሳቸው በኋላ የሚነግረን የለም።