የሰብል ክበቦች፦ የሰው ሥራ መሆናቸው እንዴት ይፈተናል?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1991 ፓት ዴልጋዶ የተባሉ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ በእንግሊዟ ኬንት ግዛት ወደሚገኝ አንድ የእህል ማሳ ተጠሩ። በደቡብ እንግሊዝ በየዓመቱ ከመከር በፊት ሰብል መሐል ስለሚታዩት ክበቦች ከባልደረባቸው ጋር የጻፉት መጽሐፍ ብዙ አንባቢ አግኝቶላቸው ስለነበር፣ በጉዳዩ አዋቂ የሚባሉት እሳቸው ነበሩ። ማሳውን ካዩ በኋላ ይህን ሰው ሊሠራው አይችልም ሲሉ ፈረዱ። ክበቡን ግን የሠሩት ዳግ ባወርና ዴቭ ቾርሊ የሚባሉ ሁለት የሳውዝሃምፕተን ወዳጆች ነበሩ። ያሠራቸውም «ቱደይ» የተሰኘው ጋዜጣ ነው። ዴልጋዶ እውነቱ ሲነገራቸው መታለላቸውን አመኑ።

ባወርና ቾርሊ ከ1978 ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እየወጡ ሲሠሩ ኖረዋል። መሣሪያቸው ጣውላ፣ ገመድና ከቆብ ጋር የተያያዘ ሽቦ ነው። ገመዱ ከጣውላው ሁለት ጫፎች ላይ ይታሰራል፤ ሠሪው ገመዱን በእጁ ይዞ ጣውላውን በእግሩ እየተጫነ ሲራመድ አገዳው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። የሽቦው ጫፍ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ነው። በቀለበቱ አሾልቆ ሩቅ ያለ ምልክት ላይ እያነጣጠረ የሚሄድ ሰው መስመሩ አይዛነፍበትም።

የሁለቱ ኑዛዜ ግን ክርክሩን አልዘጋውም። «የተወሰኑት የሰው ሥራ ይሁኑ፤ የቀሩትስ?» የሚሉ ተነሡ። ጥያቄው ሳይንሳዊ መልክ የያዘውም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሠራውን ሰው ካልሠራው የሚለይ ምልክት አለ ወይ?

ከዚያ ቀደም የአየር ጠባይ ተመራማሪው ቴሬንስ ሚደን ክበቦቹ በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር አዙሪት ውጤት ናቸው ብለው ነበር። ለተራ ክብ መላምቱ ያስኬድ ይሆናል። ቅርጾቹ ቀጥ ያሉ መስመሮችና ማዕዘኖች እየጨመሩ ሲመጡ ግን አዙሪቱ መልስ አጣ።

«ሰው እንዲህ አድርጎ መሥራት አይችልም» የሚለው አባባል ደግሞ በጁላይ 1992 በተግባር ተፈተነ። በባኪንግሃምሻየር፣ ዌስት ዊኮም ላይ በተዘጋጀ ውድድር ተፎካካሪዎች የተሰጣቸውን ውስብስብ ንድፍ በአንድ ሌሊት ማሳ ላይ እንዲሠሩ ተጠየቁ። ያሸነፉት ሦስት የዌስትላንድ ሄሊኮፕተር ፋብሪካ መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ ይዘው የገቡት ገመድ፣ ሲባጎ፣ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ጣውላ፣ በርቀት ማነጣጠሪያ መሣሪያና ሁለት መሰላል ነበር። ጂም ሽናበል የተባለው ጸሐፊ ደግሞ ብቻውን ተወዳድሯል።

ብርቱው ሙግት የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። አሜሪካዊው ባዮፊዚሲስት ደብሊው ሲ. ሌቨንጉድ በ1994 በአንድ የዕፅዋት ሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ክበብ ውስጥ የተኛው ስንዴ አንጓው ከቆመው ስንዴ አንጓ ረዝሞ እንደተገኘ፣ አንዳንዱ አንጓም ከውስጥ ፈንድቶ የተበሳ እንደሚመስል ገለጹ። ምክንያቱ ተክሉን በቅጽበት ያሞቀ እንደ ማይክሮዌቭ ያለ ኃይል ሊሆን ይችላል አሉ።

አንጓ ግን ያለ ማይክሮዌቭም ይረዝማል። ገና ያልደረቀ ስንዴ ሲተኛ አንጓው ላይ ያሉት ሴሎች የመሬትን ስበት ይለያሉ፤ ኦክሲን የተባለው የዕድገት ሆርሞን በታችኛው ጎን ይከማቻል፤ ያ ጎን ከላይኛው ይበልጥ ያድግና አገዳው ከአንጓው ላይ ታጥፎ ሽቅብ ይቀናል። በዝናብና በነፋስ የጋሸበ ጤፍ ከቀናት በኋላ ጫፉን ቀና ሲያደርግ የኢትዮጵያ ገበሬ የሚያየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የረዘመ አንጓ ተክሉ መተኛቱን ይናገራል እንጂ ምን እንዳስተኛው አይናገርም።

ተቺዎች አጥብቀው የያዙት ሌላው ነጥብ የማነጻጸሪያው ጉዳይ ነው። የተኛን ስንዴ ከቆመ ስንዴ ጋር ማወዳደር ልዩነት ማሳየቱ አይቀርም። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ በዚያው ማሳ፣ በዚያው ቀን ሰው በጣውላ ያስተኛው ስንዴ ነው። ለኪውም የትኛው ናሙና ከየት እንደመጣ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ሳያስበው ወደሚጠብቀው ውጤት ሊያዘነብል ይችላል። በ2005 ሦስት ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች የሌቨንጉድንና የተከታዮቻቸውን ሥራ እንደገና መርምረው፣ በናሙና አሰባሰቡና በስሌቱ ላይ ከባድ ጉድለት እንዳገኙ አሳተሙ።

ከአገዳው ሌላ የክበቦቹ መገኛ ቦታም ተጠንቷል። በ2002 እንግሊዝ ውስጥ የታዩት ክበቦች በካርታ ላይ ሲሰፍሩ እንዲሁ በዘፈቀደ የተበተኑ አልነበሩም። የሚበዙት ለመንገድ ቅርብ በሆኑ፣ ሰው በሚኖርባቸውና እንደ ስቶንሄንጅ ያሉ ጥንታዊ ቅርሶች በሚገኙባቸው አካባቢዎች ነበር።

የማያዳላ ፈተና ለማካሄድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ባለማሳው ፈቅዶ ከፊሉን ሰው በጣውላ ያስተኛዋል፤ ከፊሉ ዝናብና ነፋስ ካስተኛው ቦታ ይወሰዳል፤ ሌላው አከራካሪ ከሆነው ክበብ ይቆረጣል። ናሙናዎቹ ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸው ምንም ለማያውቅ መርማሪ ይላካሉ። የክበቡን አገዳ ከሌሎቹ ደጋግሞ መለየት ከቻለ የማይክሮዌቩ መላምት መነጋገሪያ ይሆናል፤ ካልቻለ ግን ጣውላና ገመዱ ይበቃሉ።