ከውስጥ የሚቆለፍ በር

ከጥቃት ሸሽቶ ወይም ጎዳና ላይ ኖሮ ለመጣ ሰው ጣሪያ ብቻ አይበቃውም። ጨለማ ኮሪደር፣ በኃይል የሚዘጋ በር፣ ማን እንደሚገባ የማይታይበት ክፍል የቆየውን ፍርሃት ይቀሰቅሳሉ፤ እንቅልፍም ይነሳሉ።

ቀድሞ ዳኛ የነበሩት ማሪያ ሙኒር በ2003 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ከነልጆቻቸው ያስጠልላል። ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የሕግ ድጋፍና የሙያ ሥልጠና በአንድነት ይሰጣል። ራስን የመከላከል ስፖርትም አለ፤ በገዛ አካሏ ላይ እምነት ላጣች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሳንደርሰን አፓርትመንት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ቤት አልባ ለነበሩ ሰዎች ታስቦ የተነደፈ ነው። 60 መኖሪያዎች አሉት፤ የተፈጥሮ ብርሃንና ወለል ብሎ የሚታይ መተላለፊያ የንድፉ ዋና ሐሳቦች ናቸው።

በምሥራቅ ጎጃሟ ጉንደ ወይን እንዲህ ያለ ማረፊያ ቢሠራ ብርቅ ዕቃ አይጠይቅም። የደጋውን ብርድ የማያስገባ በደንብ የተመረገ ግድግዳ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ መስኮት፣ ነዋሪዋ ከውስጥ የምትቆልፈው በር፣ ሌሊት እስከ መጸዳጃ ቤቱ የሚያደርስ መብራት። ቡና የሚፈላበት በረንዳ ላይ መቀመጫዎቹ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው መግቢያውን ቢያዩ ይመረጣል፤ መሳተፍ ላልፈለገ ሰውም ለብቻ የሚሆንበት ጥግ ያስፈልጋል። ያለዕድሜ ጋብቻ ሸሽታ ለመጣች ተማሪ ደግሞ ከአልጋው አጠገብ የማጥኛ ጠረጴዛ ሊኖር ይገባል።