የመግነጢስ መንኰራኩርና የጫሞ ወንዞች

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ፣ ከዚያም አስቀድሞ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ ነገር የሊቁም የገበሬውም ጭውውት ሆኗል። በዚሁ ወራት፣ ያለ ነዳጅና ያለ ውኃ በማግኔት ብቻ ዘወትር የሚዞር ሞተር ለማቆም የሚደክሙ የጥበበ እድ ወዳጆችን ጥረት መመርመር ተገቢ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ደጃፉን አልፎት ሲሄድ እያየ በኩራዝ የሚያመሽ ወጣት ይህን ቢመኝ፣ ምኞቱ ከችግር የተወለደ እንጂ ከቅብጠት የመጣ አይደለምና።

አሠራሩ በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነው። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የተፈለቀቁ ማግኔቶች በኩሽኔታ ላይ በተተከለ መንኰራኩር ዙሪያ አዘንብለው ይለጠፋሉ፤ ሌላ ማግኔት ከውጭ ሲቀርብ መንኰራኩሩ ይሳብና ፈጥኖ ይነሣል፤ የሠሪውም ልብ በደስታ ይሞላል። ነገር ግን የመጨረሻውን ማግኔት አልፎ ሊሄድ ሲል ቀድሞ የሳበው ኃይል ራሱ ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ወዲያና ወዲህ ጥቂት ተወዛውዞም ይቆማል። ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ወደ ተነሣበት ስፍራ ሲመለስ ያንኑ ያህል ዳገት እንደሚወጣ፣ መንኰራኩሩም ሲገባ ያገኘውን ሲወጣ ይከፍላል፤ የሙሉ ዙሩ ድምር ባዶ ነው፤ ሰበቃም ከዚሁ ላይ ይቀንሳል። ማግኔቱን በብረት ለመከለል ቢሞከርም፣ ብረቱን ማስገባትና ማውጣት ራሱ ያንኑ ድካም ይጠይቃል።

አሳቡ ጥንታዊ ነው፤ የማሪኩሩ ጴጥሮስ ፔሬግሪኑስ እ.ኤ.አ. በ1269 በጻፈው የመግነጢስ መልእክት ይገኛል፤ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1775 እንዲህ ያለውን የዘለዓለም እንቅስቃሴ ማመልከቻ ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ ዘግቶታል። ኒዮዲሚየም የተባለው ብርቱ ማግኔት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲገኝ ግን የሞካሪዎቹ ተስፋ ታደሰ።

ከክርክሮቹ ሁሉ እጅግ አስተማሪ ሆኖ የሚታየኝ የአሜሪካዊው የጆሴፍ ኒውማን ነው። ይህ ሰው በትልቅ የመዳብ ጥቅልል ውስጥ የሚዞር ማግኔት ያለው መሣሪያ ሠርቶ፣ ከባትሪዎቹ ከሚገባው ይልቅ የሚወጣው ኃይል ይበልጣል ሲል እ.ኤ.አ. በ1979 የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ ቢከለከል ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በፍርድ ቤቱም ትእዛዝ የመንግሥቱ የመለኪያና የደረጃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 መሣሪያውን መርምሮ፣ በፈተናው ሁሉ የሚወጣው ከሚገባው እንደሚያንስ መሰከረ። ኒውማን መሣሪያው ከመሬት ጋር በሽቦ በመያያዙ ኃይሉ ባክኗል እያለ ቢሟገትም፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በይግባኙም ተረታ። የዚህ ነገር ትምህርቱ ፍርዱ ሳይሆን መለኪያው ነው፤ በጥቅልል ሽቦ በሚሠሩ በእንዲህ ያሉ ሞተሮች ኤሌክትሪኩ እየተቆራረጠ ስለሚፈስ ተራ ቴስተር ሐሰተኛ አኃዝ ሊያሳይ ይችላል፤ ጥቂት ያረፈ ባትሪም ቮልቱ ከፍ ስለሚል የተሞላ ይመስላል፤ ቅን ሰውም በዚህ ይሳሳታል። እንዲህ ያለ የማግኔት መሣሪያ አለኝ ያለው ስቴዮርን የተባለው የአየርላንድ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2006 በኢኮኖሚስት መጽሔት ማስታወቂያ ሊቃውንትን ለዳኝነት ቢጠራ፣ 22 አባላት ያሉት ሸንጎ እ.ኤ.አ. በ2009 መሣሪያው ኃይል ማመንጨቱ አልታየም ሲል በአንድ ድምፅ ፈርዷል።

በአገራችንም ያለ ነዳጅ የሚሠራ ጀነሬተር ሠራን የሚሉ ወጣቶች በየጊዜው በቴሌቪዥን ይቀርባሉ። ስለ ፈጠራ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚጠይቀው ግን አዲስነትንና የፈጠራ ብቃትን ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ መዋል መቻልንም ጭምር ነው፤ ይህም የሚታወቀው በጭብጨባ ሳይሆን በፈተና ነው። ባትሪው ተነቅሎ፣ አምፖል ተጭኖበት፣ በምስክሮች ፊት ለብዙ ቀናት ሳያቋርጥ የሚያበራ እስካልታየ ድረስ የሕዝብን ገንዘብ መጠየቅ አይገባም።

ስለ ማግኔት የተደከመው ድካም ግን ከንቱ አይደለም። በብዙ የባትሪ መኪኖች ሞተር ውስጥ የሚዞረው ማግኔት ነው፤ የሚያዞረውም ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። ያው መንኰራኩር በሌላ ኃይል ቢዞር ደግሞ ዲናሞ ይሆናል። ይህም ሌላ ኃይል በጋሞ ምድር ሞልቷል፤ የጉጌ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲቆም ጫሞ ሐይቅ በ1,100 ሜትር ገደማ ላይ ተንጣሏል፤ ኩልፎን የመሰሉ ወንዞችም ያን ቁልቁለት ወርደው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በሰከንድ 20 ሊትር ውኃ 10 ሜትር ሲወርድ 2,000 ዋት ያህል ኃይል ይሰጣል፤ ግማሹ እንኳ ቢባክን የቀረው 1,000 ዋት 10 ዋት የሚወስዱ 100 አምፖሎችን ያበራል።

በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ ትምህርት ቤት ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው። መምህራኑ የመለኪያ ክፍላቸውን ለእነዚህ ሞካሪዎች ቢከፍቱ፣ ሞካሪዎቹም ማግኔቱን እንደ ኃይል ምንጭ መቍጠር ትተው ኃይልን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ አድርገው ቢይዙት፣ ሽቦ መጠቅለልንና ኩሽኔታ ማስተካከልን የተማረው እጃቸው መብራት ላልደረሰው መንደር መብራት ለማግባት ይበቃል።