ምሳ የሚበላበት ደጅ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ትልቅ የሕግ ድርጅት ለሥራ ልምምድ የገባ ተማሪ ለጓደኛው ኢሜይል ጻፈ። ዛሬ ሁለት ሰዓት የፈጀ የሱሺ ምሳ በላሁ፣ የቀረውን ቀን ኢሜይል ስጽፍና ስቀልድ ዋልኩ የሚል፣ ስድ ቃል ጣል ጣል ያለበት ጨዋታ ነበር። ኢሜይሉ ግን የደረሰው በርካታ የድርጅቱ ሸሪኮች ላሉበት አንድ የሥራ ክፍል በሙሉ ነው። ቀጥሎ የይቅርታ ደብዳቤ ተላከ፤ ሁለቱም ከድርጅቱ አምልጠው አገር ለአገር ተነበቡ።

ልጁ አልዋሸም። በአሜሪካ ትልልቅ የሕግ ድርጅቶች «ሰመር አሶሼት» የሚባል ተማሪ በርግጥም እንዲህ ያለ ምሳ ይጋበዛል። የተሳሳተው ምሳውን ከሥራው ለይቶ ማየቱ ላይ ነበር።

የእነሱ «ሰመር» የእኛ ክረምት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕግ የሚጠናው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ሲሆን ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። በመሐሉ ካሉት ሁለት ክረምቶች ዋናው የሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ነው፤ ተማሪው ብዙ ጊዜ ለአሥር ሳምንት ያህል ድርጅቱ ውስጥ ይሠራል። ድሮ በአገራችን ሹመት ፈላጊ ከመኳንንቱ ደጅ እየዋለ ጠባዩና ትዕግሥቱ እስኪታይ ይጠብቅ ነበር። ይህም ደጅ ጥናት ነው፤ ልዩነቱ ጌታው ደጅ ጠኚውን ምሳ መጋበዙና ደመወዝ መክፈሉ ነው። ክፍያው የአንደኛ ዓመት ጠበቃ ደመወዝ በሳምንት ተሰልቶ ነው። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በብዙዎቹ ግዙፍ ድርጅቶች መነሻው በዓመት 225,000 ዶላር ስለሆነ፣ ለተማሪው በሳምንት ከ4,300 ዶላር በላይ ይደርሰዋል። ይህን የሚያገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በግብረ ሰናይ ድርጅት ክረምቱን በትንሽ አበል ወይም በነጻ የሚሠራው ብዙ ነው።

ድርጅቶቹ ይህን ያህል ወጪ የሚያወጡበት ምክንያት የቆየ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኒው ዮርኩ ጠበቃ ፖል ክራቫት፣ ጎበዝ ተማሪዎችን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወስዶ በቤቱ አሠልጥኖ፣ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ብቻ ሸሪክ የሚያደርግ ሥርዓት ዘረጋ። ሌሎቹም ተከተሉት። እንዲህ ያለ ቤት ገና ጠበቃ ያልሆነውን ልጅ መመዘን አለበት፤ ክረምቱ ወንፊቱ ነው። የመጀመሪያው ወንፊት ግን የአንደኛ ዓመት ውጤትና ሃያ ደቂቃ ያህል የሚቆይ ቃለ መጠይቅ ነው። የሕግ ቅጥር ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 የቅጥር ጊዜ ሰሌዳ መመሪያውን ካነሳ ወዲህ ሽሚያው እየቀደመ መጥቶ፣ የመጀመሪያ ዓመቱን እንኳ ሳይጨርስ የሚያመለክት ተማሪ በዝቷል።

ከገባ በኋላ ላፕቶፕ፣ የመግቢያ ካርድና አማካሪ ጠበቃ ይሰጠዋል። ቀድሞ የሚነገረው ስለ ምስጢር ነው፤ የደንበኛ ስም በአሳንሰር ውስጥ አይነሣም። ከዚያ ሥራ ይመጣል። አንድ ጠበቃ «ደንበኛችን ከዚህ ውል ቢወጣ በኒው ዮርክ ሕግ ምን ይጠብቀዋል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ትምህርት ቤት ሳለ ፍርዶቹን መርጦ የሚያስነብበው መምህሩ ነበር። እዚህ ዌስትሎው ወይም ሌክሲስ በሚባሉት የመረጃ ቋቶች ራሱ ይፈልጋል፤ ያገኘው ፍርድ በኋላ በሌላ ፍርድ አለመሻሩንም ያረጋግጣል። በተሻረ ፍርድ ላይ የቆመ ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። ድርጅት በሚገዛና በሚሸጥበት ክፍል የተመደበ ተማሪ ደግሞ ክምር ውል ያነባል፤ ባለቤት ሲለወጥ ውሉ ይፈርሳል የሚል አንቀጽ የት እንደተሸሸገ ያድናል። ጊዜውን በስድስት በስድስት ደቂቃ ከፍሎ ይመዘግባል፤ ጠበቆቹ ደንበኛን የሚያስከፍሉት በዚያ ስፍር ነውና።

ፈቃድ ስለሌለው በራሱ ስም የሕግ ምክር መስጠት አይችልም፤ አክስቱ ስለ ቤት ኪራይ ውሏ ብትጠይቀውም። በጠበቃ ቁጥጥር ሥር ግን ከባድ ጉዳይ ይነካል። ትልልቆቹ ድርጅቶች በነጻ ከሚይዟቸው ጉዳዮች አንዱ ጥገኝነት ነው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ከጠያቂዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያን አሉ። እዚህ ላይ አማርኛ የሚያውቅ ተማሪ ከሸሪኩ በላይ የሚያይበት ጊዜ አለ። በመጋቢት 2008 ታሰርኩ ያለ ሰው በፈረንጁ 2016 ማለቱ ነው፤ ይህን ያላወቀ መርማሪ ቃሉ ተጋጨ ይላል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑ ካልተነገረም፣ አባትና ልጅ ነን የሚሉ ሰዎች በመጨረሻ ስማቸው ተለያይተው ሲገኙ ጥርጣሬ ይነሣል።

ወደ ምሳው እንመለስ። ቤዝቦል፣ የጀልባ ሽርሽር፣ በሸሪክ ቤት እራት አለ። በ1989 ቺካጎ፣ ሲድሊ ኦስቲን የሚባለው ድርጅት ለሐርቫርዱ ተማሪ ባራክ ኦባማ አማካሪ አድርጎ የመደበው ወጣቷን ጠበቃ ሚሼል ሮቢንሰንን ነበር። አማካሪ ነኝና አያምርብኝም ብላ መጀመሪያ ላይ አብራው ለመውጣት አንገራግራ ነበር፤ የኋላውን ዓለም ያውቀዋል። ለብዙው ተማሪ ግን ማዕዱ ሌላ ፈተና ነው። እኩለ ሌሊት ከደንበኛ ፊት ይህን ልጅ ባስቀምጠው ያኮራኛል ወይስ ያሳፍረኛል? ጋባዡ የሚጠይቀው ይህን ነው።

መልሱ በነሐሴ ይመጣል፤ «ተመርቀህ ና» የሚል የሥራ ጥሪ። በደህና ጊዜ ከ100 ተማሪ ከ90 በላይ የሚሆኑት ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ2009፣ ኢኮኖሚው ሲወድቅ፣ ጥሪው በእጅጉ ቀነሰ፤ ያኔ የተመዘነው ችሎታ ብቻ አልነበረም። ሩት ቤደር ጊንስበርግ በ1958 በኒው ዮርኩ ፖል ዋይስ ክረምቱን ሠርታ ጥሪ ስትጠብቅ ቀረባት። ከ35 ዓመት በኋላ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ተቀመጠች። ወንፊቱ ፍሬም ይጥላል።

በደህናው ጊዜ የሚወድቀው ታዲያ ማን ነው? ደካማው ብቻ አይደለም። ቀጠሮ ያሳለፈ፣ ያልገባውን ገባኝ ያለ፣ ስህተቱን የሸሸገ፣ መጠጥ ያበዛ ነው። ብልህ ተማሪ በበኩሉ ቤቱን ይመዝናል። የአንደኛ ዓመት ጠበቃ በዓመት ከደንበኛ የሚከፈልበት 1,900 ወይም 2,000 ሰዓት ይጠበቅበታል፤ ምሳ ላይ ይህ አይወራም። ከእራት ሲመለስ አሻቅቦ የትኛው ቢሮ መብራት እንደበራ የሚቆጥር ግን ያውቀዋል።

እኛም አገር ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ በር ከፍቷል፤ የሕግ ተማሪዎቻችንም የተግባር ልምምድ ይወጣሉ። ሱሺውና ጀልባው ይቅርብን። ከዚያ ሥርዓት ሊወሰድ የሚገባው፣ ተማሪው የጻፈውን ቁጭ ብሎ አንብቦ በቀይ አርሞ የሚመልስለት አንድ ጠበቃ ነው። ልምምድ ጨርሶ የሚመለስ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አይጠፋም፤ በቀይ የተሞላው ወረቀትም አብሮት ይኑር።