«ሪፒዩትድ»፦ በዝናና በ«ይባላል» መካከል

«ሪፒዩትድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በአማርኛ «ታዋቂ» ወይም «ዝነኛ» ተብሎ ቢተረጎም ለጊዜው ስሕተቱ አይታይም፤ ቃሉ «ዝና» ከሚል ፍች ካለው «ሪፒዩቴሽን» ጋር አንድ ሥር አለውና። የሥሩ ምንጭ ግን «መቁጠር፣ ማሰብ» የሚል ፍች ያለው የላቲን ግሥ ነው። ስለዚህ «ሪፒዩትድ» የተባለ ሰው እንዲያ ነው ተብሎ የሚቆጠር እንጂ እንዲያ መሆኑ የተረጋገጠ አይደለም። «የቤቱ ሪፒዩትድ ባለቤት» ሲባል ባለቤትነቱን የሚናገረው ሕዝብ ነው፤ ጸሐፊው ኀላፊነቱን አይወስድም።

ቃሉ ከጎረቤቶቹ በሁለት ነገር ይለያል። «አሌጅድ» አንድ ወገን ያቀረበውን፣ ብዙውን ጊዜ የክስ መልክ ያለውን ቃል ሲያመለክት፣ «ሪፒዩትድ» ተናጋሪው የማይታወቅ የጋራ ግምትን ያመለክታል። «ሪፒዩተብል» ደግሞ መልካም ስም ያለው ማለት ነው። ሆኖም በደቡብ እስያ እንግሊዝኛ «ሪፒዩትድ ድርጅት» ማለት ስመ ጥር ድርጅት ማለት በመሆኑ፣ ተርጓሚው የጽሑፉን መነሻ ማጤን ይኖርበታል።

ስዋሂሊ ሁለቱን ሐሳቦች በተለያዩ ግሦች ይለያል። «አናሲፊካ» የሚለው ዝናን ይገልጻል፤ ሥሩም ከዐረብኛ የተወሰደው «ሲፋ» ነው። «ሴማ» (ተናገረ) ከሚለው ግሥ የወጣው «ኢናሴሜካና» ተናጋሪውን ሳይጠቅስ «ይባላል» ይላል። «አናዬዛኒዋ» ደግሞ «የሚገመተው» ማለት ስለሆነ፣ ስምን ለሚገልጸው «ሪፒዩትድ» ይበልጥ ይቀርባል።

አማርኛም መሣሪያው አለው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚገባው «አሉ» («መሪው እሱ ነው አሉ») ወሬነትን በግልጽ ቢያሳይም ስምን ሊገልጽ አይችልም። ለዚህ የሚያገለግለው «የሚባለው» ሲሆን፣ ይኸው ቃል ለስያሜም ይውላል። «አለቃ የሚባለው ሰው» ስሙ ወይም ቅጽሉ አለቃ የሆነ ሰው ነው፤ «አለቃ ነው የሚባለው ሰው» ግን አለቅነቱ የሚወራለት ሰው ነው። ልዩነቱን የተሸከመችው «ነው» ብቻ ናት። እርሷ ስትኖር ከ«የሚባለው» በፊት የሚቆመው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናል፤ ስትጠፋ ስም ብቻ ይቀራል።

ይህ ልዩነት በናይሮቢ ፍርድ ቤቶች የሰው ዕጣ ሊነካ ይችላል። የኬንያ ሕገ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 2010) አንቀጽ 50(2)(ሜ) የችሎቱን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የማስረጃ ሕጉ ክፍል 63 ደግሞ የቃል ምስክርነት ቀጥተኛ እንዲሆን ይጠይቃል። አማርኛ ተናጋሪ ምስክር «የቡድኑ መሪ ነው የሚባለው ሰው» ብሎ ሲናገር አስተርጓሚው «የቡድኑ መሪ» ብሎ ቢያሳጥረው፣ ከሌላ የተሰማው ወሬ በዐይን የታየ መስሎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በአንጻሩ «ሪፒዩትድ መሪ» የሚለው ለተከሳሹ «ታዋቂ መሪ» ተብሎ ከተተረጎመለት፣ ግምቱ እንደ እርግጥ ነገር ይደርሰዋል፤ ሊቃወመው የሚገባውም ወሬ መሆኑን ሳያውቅ ይቀራል።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት «ነው የሚባል፣ ነው ተብሎ የሚታሰብ» የሚለውን ቀዳሚ ፍች አድርጎ፣ «ስመ ጥር» የሚለውን በአካባቢያዊ አጠቃቀምነት ለይቶ ቢያሰፍር ይበጃል። «ታዋቂ» የሚለው ግን ከፍቹ ሊወጣ ይገባዋል።